ሽንፍላ

ቢላዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ዘንዘልማ ደረስኩ በጧት፤
"ጋሽ አጉማሴ፣ ይግቡ" አለችኝ መምህርት ይታይሽ፣ ገና ልጅ ናት።
አርባ ተማሪ ቆሟል ነጭ ጋዋን ለብሶ፣
አንዱ አፍንጫውን ይዞ፣ አንዱ ባዶ ሆዱን ዳብሶ።

ላሟ የፎገራ ዘር ናት፣ ነጭና ጥቁር የተረጨች፤
በወረታ መንገድ ላይ ሲኖትራክ ገፍቷት የወደቀች።
እግሯ ተሰብሮ ስትሸጥ፣ ባለቤቷ ብሩን ሳይቆጥር
ቀንዷን ጨብጦ ሄደ አሉኝ፣ አንድም ቃል ሳይናገር።
በስመ አብ ብዬ ባረክኳት፤ ደሙ ወርዶ እስኪቆም
ከአርባው አንድም ሰው አልሳቀ፤ አንድም አልተነፈሰም።

"አካሏን እንማር" አለች፣ "ከውጭ ወደ ውስጥ እንሂድ፤"
እኔ ግን በቅርጫ ነው የማውቀው፣ በመደብ፣ በዘመድ።
ፍሪምባው ለአማች ይሄዳል፤ ሻኛው ለተከበረ፤
ቅልጥሙ ለወለደች ሴት፤ ምላሱ ለተከራከረ፤
ጉበቱ እዚያው ለአራጁ፣ ጨው ሳይነካው በሞቀበት፤
ይኸው ነበር ትምህርቴ፣ አርባ ዓመት የተማርኩበት።

እሷ በጣቷ እየነካች ሌላ ሌላ ስም ትሰጣለች፤
"ሻኛ ጡንቻና ስብ ነው፣ የክፉ ቀን ስንቅ" ትላለች።
"አንድ ሊትር ወተት ለመሥራት" አለችና ጡቱን ገልጣ፣
"አምስት መቶ ሊትር ደም ያልፋል፣ እየሄደ እየመጣ።"
እጄ ቆመ። ይህን ሁሉ ዘመን ስቆርጥ ማንም አልነገረኝ፤
እናቴ ያጠጣችኝ ዋንጫ ድንገት ጉሮሮዬን ያዘኝ።

"ሆዷ አራት ክፍል አለው።" እሱንስ እኔም አውቃለሁ፤
ጨጓራ አጥቤ፣ ሽንፍላ ገልጬ ልጅ አሳድጌያለሁ።
ሽንፍላ ቅጠል ነው፣ በቅጠል ላይ የተደረበ ቅጠል፤
ፊደል ያልቆጠረ ሰው መጽሐፉን በዚያ ይገልጣል።
"ሰባት ጊዜ ቢያጥቡት አይጠራም" ይላል ያገሬ ሰው፤
እኔ ግን እወደዋለሁ፣ ገጹን አንድ በአንድ ስቆጥረው።

ከዚያ ጨጓራውን ቀደድኩት።
ሳር ጠበቅሁ። የሩዝ ገለባ ጠበቅሁ።
ከሐይቁ ዳር የተለቀመ እምቦጭ ቢሆን እንኳ ብዬ ጠበቅሁ።

ፌስታል ወጣ።
አንድ ጥቁር። አንድ ሰማያዊ። የማዳበሪያ ገመድ።
ሌላ ፌስታል፣ የዳቦ ቤቱ ስም ገና የሚነበብ፤
ሁሉም እርስ በርሱ ተጠምጥሞ፣ እንደ ሕፃን ራስ ክብ።
ማንም አልተናገረም፤ ስልኮቹ ወረዱ ቀስ ብለው፤
ባንቺአምላክ የምትባል ልጅ "ዳቦ ቤቱ ሰፈራችን ነው"
አለች። እጇን አየች። ከዚያ ዝም።

ከሰዓት በኋላ ፕሮጀክተር አብርታ መስመር ዘረጋች፤
አንዱ ሽቅብ ይወጣል፤ "ወተት ፈላጊው በዛ" አለች።
አባቱ በቀጭን ቱቦ፣ በብርድ ታሽጎ የሚመጣ ጥጃ፤
አንዷ ዲቃላ በቀን ሃያ ሊትር፤ እኔ እንጃ።
ግጦሹ ቤት ሆነ፣ ሩዝ ሆነ፤ ፉርሽካ በወርቅ ተመዘነ፤
ላሚቱ በረት ገባች፤ ወተቷም በፋብሪካ ተከደነ።

የቆዳው መስመር ቁልቁል ነው፤ እሱ ሳይብራራልኝ ገባኝ፤
ድሮ ነጋዴ በር ላይ ተጣልቶ ነበር ቆዳ የሚቀማኝ።
ዘንድሮ ለፋሲካ የገፈፍኩትን ዞር ብሎ ያየ የለኝ፤
አጥር ላይ ሰቀልኩት፣ ውሻ ጎተተው፣ ሽታው ብቻ ቀረኝ።

"ጥያቄ?" አለች። እኔም እንደ ልጅ እጄን አነሳሁ፤
"ፌስታሉስ የትኛው መስመር ላይ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።
ፈገግ ልትል ጀመረች፤ ፈገግታዋ ግማሽ መንገድ ቀረ፤
"እስካሁን" አለች፣ "እዚህ እሱን የቆጠረ ሰው አልነበረ።"

ማታ ጣና ዳር ወርጄ ቢላዬን ፈተግሁ በአሸዋ፤
አንዲት ጊደር ውሃው ውስጥ ቆማለች፣ ዝንብ እያባረረ ጆሮዋ።
አፏ ላይ ነጭ ነገር አየሁ፤ ሮጥኩ፣ ጉልበቴ እያመመኝ፤
ያዝኩት፤ ሳበችው፤ ሳብኩት፤ በትልልቅ ዓይኗ አየችኝ።

አበባ ነበር። የሐይቁ አበባ።

ለቀቅሁላት፤ አኘከችው። እራቷን የነጠቅኋት ያህል አፍሬ
ቢላዬን ጠቅልዬ ወጣሁ፣ በአቋራጭ ወደ ሰፈሬ።
ኪሴ ውስጥ ዳቦ የገዛሁበት ፌስታል
ይንኮሻኮሻል፤ አጀበኝ እስከ በሬ።